ለቤተ መጻሕፍቱ ወለል የሚሆን እንጨት

ጥቅምት 9

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ የእውነት ደህና ነን ማለቴ ነው፤ ማንም አልታመመም፣ ማንም አልሞተም፣ ቤቱም አልተቃጠለም። «ምን ሆናችሁ ነው ደብዳቤ ማብዛት የጀመርሽው?» ብለህ የላክህልኝን አንድ መስመር ሳነብ ሳቄም ሐዘኔም አንድ ላይ መጣ። እህት ለወንድሟ እንድትጽፍ የግድ ሰው መታመም አለበት? ስልክማ አልደውልም። ባለፉት ሦስት ጊዜያት ስንደዋወል አንዴ አንተ ጆሮዬ ላይ ዘጋህ፣ ሁለቴ ደግሞ እኔ ዘጋሁብህ። በወረቀት ከሆነ ቢያንስ እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ወለሉን ሊቀይር ነው። አዎ፣ ያንኑ አንተ ያነጠፍከውን። ስሙ ሲነሳ እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ግን ስድስት ዓመት አለፈው፣ እስከ መቼ እንሸሸዋለን? ጣውላዎቹ መሃላቸው ሰርጎድ፣ ጠርዛቸው ቀና እንዳለ ነው። በየክፍተቱ ስንት እርሳስ ገብቶ እንደቀረ እግዜር ይቁጠረው። ባለፈው ሳምንት ኃላፊዋ፣ ያቺ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ሴትዮ፣ ስፌት ቤቴ ድረስ መጥታ «ወንድምሽ እንደገና ይሠራልን ይሆን?» አለችኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «የመጀመሪያው እንዲያ ሆኖ?» ስላት፣ «እሱ የሠራቸውን መደርደሪያዎች በየቀኑ አያቸዋለሁ። መደርደሪያ እንደዚያ የሚሠራ ሰው ወለል አይችልም ቢሉኝ አልቀበልም» ብላኝ እርፍ።

እምቢ ካልክ የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ካጣም ሴራሚክ ይለጥፋል። ኅዳር 30 ይወስናሉ። ፍላጎታቸው ሰፋፊ ጣውላ ነው፣ ወርዱ ስንዝር ተኩል የሚሆን። የቱ እንጨት እንደሚሻል ግን መስማማት አልቻሉም። እንጨት ነጋዴው ባሕር ዛፍ ይላል፣ ኃላፊዋ ነጣ ያለ ነገር ትወዳለች፣ እኔን ሲጠይቁኝ ደግሞ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ጣውላ የማውቀው የስፌት መኪናዬን የተሸከመውን ጠረጴዛ ብቻ ነው። ባትመጣ እንኳ እንጨቱን ምረጥላቸው። አደራህን።

አርባ አንድ ዓመት ሞልቷትም ሚጣ የምትባለው እህትህ


ጥቅምት 21

ለሚጣ፣

ሁለተኛው ደብዳቤሽ ከመጀመሪያው ቀድሞ ደረሰኝ፤ ስለዚህ መልሴ ወደኋላና ወደፊት ቢል አትፍረጂብኝ። ለጠየቅሽኝ፦ አልከሳሁም። ማን እንዲህ እንደሚያወራ አውቃለሁ፤ እሱ ራሱ ስለወፈረ ሰው ሁሉ የከሳ ይመስለዋል። የተቀጠርኩበት ሱቅም ተመችቶኛል። እንጨት የሚመስል የፕላስቲክ ንጣፍ በጥቅል እሸጣለሁ። ወይራ የሚመስል አለን፣ ዝግባ የሚመስል አለን፣ ሁሉም ግን ሲገለጡ የሚሸቱት አዲስ ጫማ ነው። አይጎብጥም፣ አይሰነጠቅም፣ ሰውን አያዋርድም። እኔ ከእንግዲህ የምፈልገው እሱን ብቻ ነው።

ለኃላፊዋ አመሰግናለሁ በይልኝ። አልመጣም። ስለ እንጨቱ ግን መናገር አያስጠይቀኝምና ልናገር።

ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ነጋዴው አልዋሸም። ጠባዩ ግን ክፉ ነው። አራት ጣት በሚሆን ጠባብ ጣውላ ከሆነ ይታዘዝልሻል፤ ስንዝር ተኩል አድርገሽ ከሰነጠቅሽው ግን ይጠማዘዛል፣ ምስማሩን ነቅሎ ይነሳል። ወይራ ከሁሉም ይጠነክራል፣ ያምራልም፤ ግን ግንዱ ጥምዝምዝ ነውና ሰፊ ጣውላ አይወጣውም፤ ለበሩ ደፍ ይሁን። ኃላፊዋ የምትመኘው ነጣ ያለው ቀረሮ ይሆናል። እሱ ሰፊ ጣውላ ይወጣዋል፣ ግን እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፣ ነቀዝም ይወደዋል። ዝግባ ለስላሳ ነው፤ የወንበር እግር በሳምንት ይበሳሳዋል። ዋንዛን ደግሞ ስሙንም አታንሱብኝ። ስለዚህ ሴራሚክ ይለጥፉ። እግር ይበርድ እንደሆነ ካልሲ ይልበሱ።

ለምን ዋንዛን እንደዚህ እንደምጠላ ታውቂያለሽ። ያኔ ያነጠፍኩት አባባ ትቶልን የሞተውን የዋንዛ ጣውላ ነው። አባባ እንዴት እንደሚሠራ አትረሺውም፤ አንድ ጣውላ መጋዘን ውስጥ አንድ ዓመት በደረቀ ቁጥር ጫፉ ላይ አንድ የጠመኔ መስመር ይጨምርበታል፣ ሦስት መስመር ያልሞላ ጣውላ ደግሞ መላጊያ አያስነካም። ሰው ሁሉ የእንጨቱን እርጥበት በመሣሪያ ሲለካ እሱ በመስመሩ ይሠራ ነበር፤ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። እኔ ያነሳኋቸው ጣውላዎች ሁሉ ሦስት ሦስት መስመር ነበራቸው። በዓይኔ ቆጥሬያለሁ። እንዲያም ሆኖ በስድስት ወራቸው እንደ እርጥብ እንጨት ተሸማቀቁ። እንግዲህ ወይ አባባ በመጨረሻው ቁጥሩ ጠፍቶበት ነበር፣ ወይ እኔ ማንጠፍ አልችልም። የመጀመሪያውን ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ሁለተኛውን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አትጎትጉቺኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 1

ለወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ ሱሪ ልቆርጥ ተነስቼ የግራውን እግር ሁለቴ ቆርጬ ተገኘሁ፤ ባለቤቱ ሁለት ግራ እግር ከሌለው በቀር ከስሬያለሁ።

በደብዳቤህ ጀርባ ስለ መጋዘኑ ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ ከአባባ ዋንዛ ሰባት ጣውላ ተርፎ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለ። የነካው ሰው የለም። ለምን እንደጠየቅከኝ አልገባኝም፤ ስሙም አይነሳብኝ ያልክ ሰው ነህ። የመሣሪያ ሳጥኑም እዚያው ነው። መላጊያዎቹን ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ፤ በጥሩ ጨርቅ ነው፣ ከሸሚዝ የተረፈ።

ያልከውን ለኃላፊዋ ነገርኳት። ዋንዛ አይሆንም ማለትህን ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ሁለቴ አሰመረችበት። አንተ አልመጣም ካልክ ለባሕር ዛፉ ሌላ አናጺ እንጠይቃለን አለች፤ በጠባብ ጣውላ ይሁን ብለው ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ነው። ደግ ሴት ናት፣ አንተን ታምንሃለች። አንተን ማመኗ ነው አሁን ያስጨነቀኝ።

ሌላም የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ነገር ግን ወረቀቱ አለቀ።

ሚጣ


ኅዳር 9

ለሚጣ፣

ወረቀቱ አለቀ ያልሽበት ገጽ ግማሹ ባዶ ነው። ለማንኛውም ስድስት ነጭ ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ሰበብ የለሽም። አንቺ ልጅ ሆነሽ ብርጭቆ ስትሰብሪ ማንም ሳያዝሽ ማዕድ ቤቱን መጥረግ ትጀምሪ ነበር። አሁንም ሳልጠይቅሽ መላጊያ ዘይት ቀባሁ ስትዪኝ ያ ነገርሽ ትዝ አለኝ። ምን ሰበርሽ?

እኔም የምነግርሽ አለኝ። ስለ ሳጥኑ ማሰብ አድክሞኛል። እዚያ ተቀምጦ «ትመለሳለህ፣ ትመለሳለህ» የሚለኝ ይመስለኛል። ከሙያ ትምህርት ቤት አንድ መምህር አግኝቼ ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ እንዲሆን ልሰጠው ቃል ገብቼለታለሁ። ኅዳር 25 ቤትሽ መጥቶ ይወስደዋል። ሙሉውን ስጪው፣ የአባባን ትልቁን መላጊያም ጭምር። ከዚያ በኋላ አናጺ ነበርኩ ብዬም አላወራም። እንዳትከራከሪኝ፤ አስቤበት ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 15

ለወንድም ጋሼ፣

ከላክህልኝ ስድስት ወረቀት ሦስቱን ጽፌ ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው። ከዚህ በላይ የመቅደድ ሞራል የለኝም።

ምን ሰበርሽ ብለህ ጠይቀኸኛል። አንተን ነው የሰበርኩት።

አባባ በሞተ በሁለተኛው ወር፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ ልትጀምር ሳምንት ሲቀርህ፣ ላስደስትህ ብዬ መጋዘኑን ላጸዳ ገባሁ። አቧራው ልክ አልነበረውም። ባልዲና ጨርቅ ይዤ ጣውላዎቹን ከእግር እስከ ራሳቸው አንድ በአንድ አጠብኳቸው። ከዚያ ጨርቅ መደርደሪያ ላይ እንደምደረድረው፣ ረጃጅሞቹን ከረጃጅሞቹ፣ አጫጭሮቹን ካጫጭሮቹ ጋር አድርጌ ደረደርኳቸው። እንዴት እንዳማረ ልነግርህ አልችልም። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆሜ ሳደንቅ ባልዲው ውስጥ ያለውን ውሃ አየሁት። ነጭ ሆኗል።

የአባባ መስመር ሁሉ ታጥቦ ሄዷል። የቱ የሦስት ዓመት፣ የቱ አባባ ከመሞቱ በፊት የገዛው እርጥቡ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ እኔው ራሴ ደበላልቄያቸዋለሁ። አንተ በማግስቱ ጣውላውን ልትወስድ ልትመጣ ነው። ያኔ እውነቱን ብነግርህ ትጮህብኝ ነበር፣ ምሳ ሳትበላ ትውል ነበር፣ አለቀ። እኔ ግን ከኪሴ የልብስ ጠመኔዬን አወጣሁና በሁሉም ላይ ሦስት ሦስት መስመር አሰመርኩ። እንጨት እንጨት ነው፣ ይህ የአባባ አመል ብቻ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የጣውላዎቹ መጋጠሚያ መከፈት ሲጀምር አወቅሁ። ልነግርህ ስል አንተ ሰፈሩን ለቀህ ሄድክ። ከዚያ በየዓመቱ ለመናገር እየከበደኝ ሄደ። በስልክ የዘጋሁብህ ሁለቱም ጊዜ ልነግርህ አፌን ከፍቼ አልወጣ ብሎኝ ነው፤ ተናድጄ አልነበረም።

አሁን ግን ሁለት ነገር መጣ። ኮሚቴው በእኔ ውሸት ምክንያት ዋንዛን ሊጥል ነው፤ ሳጥኑም በእኔ ውሸት ምክንያት ከቤት ሊወጣ ነው። ወንድም ጋሼ፣ ዋንዛው አልበደለህም። አባባ አንድም መስመር አልሳተም። አንተም ማንጠፍ ትችላለህ፤ ድሮም ትችል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ይቅር በለኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ግን ይቅር በለኝ።

እህትህ


ኅዳር 19

ሚጣ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሳጥኑን ለማንም እንዳትሰጪ። መምህሩን እኔ አናግረዋለሁ።

ሌላውን ስረጋጋ እጽፋለሁ።


ኅዳር 23

ለሚጣ፣

የመጀመሪያውን ቀን ስምሽን እየጠራሁ ስራገም ዋልኩ። አንዲት ደንበኛ ጥቅል ልታስለካ መጥታ «ሚጣ ማናት?» አለችኝ። «ጠላቴ ናት» አልኳት። «ታድያ ለምን ሚጣ ትላታለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፣ ጠላቱን በዚህ ስም የሚጠራ የለም።

በሁለተኛው ቀን ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብ «አባባ አንድም መስመር አልሳተም» የሚለው ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከጥቅሎቹ ኋላ ገብቼ ምን ያህል እንዳለቀስኩ አልነግርሽም። ለስድስት ዓመት አንዴ እሱን፣ አንዴ ራሴን ስከስ ነው የኖርኩት። ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አወጣሁትና ሰቀልኩት። በሦስተኛው ቀን ከእንቅልፌ ስነሳ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር፣ ሚጣ።

ይቅር ብዬሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ባልዲ ይዘሽ መጋዘን እንዳትገቢ።

እኔም የምናዘዘው አለኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ያልሽውን አልቀበልም። ያኔ ጣውላዎቹን ከመጋዘን ሳወጣ አንዳንዶቹ ከብደውኝ ነበር። አንድ ዓይነት እንጨት፣ አንድ ዓይነት ርዝመት፣ ግን አንዱን በአንድ እጄ ሳነሳ ሌላውን በሁለት እጅ። እርጥብ እንጨት እንደሚከብድ ከልጅነቴ ጀምሬ አውቃለሁ። የእርጥበት መለኪያዬም ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን አባባ ካሰመረው በኋላ መለካት እሱን መጠራጠር መሰለኝና ተውኩት። እጄ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ስለዚህ ከጥፋቱ ሩቡን ለእኔ ተዪልኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለኃላፊዋ ንገሪያት፦ ዋንዛ ይሁን። ባሕር ዛፉን ይተዉት። ዋንዛ እንደ ባሕር ዛፍ አይጠነክርም፣ ወንበር ሲጎተትበት ይጫራል። በደንብ ከደረቀ ግን ባስቀመጥሽው ይቀመጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ብዙ አያብጥም፣ በጋ ሲመጣ ብዙ አይሸማቀቅም። ጣውላው በሰፋ መጠን የሚያስፈልገው ከጥንካሬ ይልቅ እርጋታ ነው። የተጫረ ወለል በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ የጎበጠውን ግን አየነው እኮ። ነጣ ያለ ለምትለውም፣ ዋንዛ ሲላግ ፈካ ያለ ነው፣ ከዓመት ዓመት ይደምቃል፤ ታገሺው በያት።

የተረፉት ሰባቱ ጣውላዎች አሁን ያለጥርጥር ደርቀዋል፤ እነሱን ከመግቢያው አነጥፋቸዋለሁ። የቀረውን ከእንጨት መሰንጠቂያው ራሴ እመርጣለሁ፣ እያንዳንዱንም በመሣሪያ እለካለሁ። ከዚያ ጣውላው ሁሉ እዚያው ማንበቢያ ክፍል ውስጥ፣ በየመሃሉ ቁራጭ እንጨት ገብቶበት፣ ስድስት ሳምንት ይቀመጣል፤ አንቺ ጨርቁን ከመቁረጥሽ በፊት ውሃ ነክረሽ እንደምታሰጪው ማለት ነው። የክፍሉን አየር ይልመድ። አንባቢዎቹ ዙሪያውን ይቀመጡ፣ አይረብሹትም። ሲነጠፍም ከግድግዳው አንድ ጣት ይራቃል፤ ቢያብጥ መላወሻ እንዲያገኝ።

ባለ ሱቁን ልሄድ ነው አልኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። «ተገላገልኩ» አለኝ፤ «ደንበኛ በመጣ ቁጥር ‹እውነተኛው እንጨት ይሻልዎታል› እያልክ ስትመልስብኝ ነው የኖርከው።» እንደዚያ ማለቴን እኔ አላውቅም ነበር።

ኅዳር 29 እገባለሁ። ኮሚቴው ፊት ራሴ እቀርባለሁ፤ የልብስ ጠመኔውን ታሪክ ግን እዚያ አናነሳውም፣ የእኔና የአንቺ ይሁን። የሰው ፊት እንዴት እንደማይ ግን ጨንቆኛል። አብረሽኝ ትሄጃለሽ።

ወንድምሽ


በዓመቱ፣ ኅዳር 7

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? የሄድክበት የትምህርት ቤት አዳራሽ ሥራ እንዴት ይዞሃል? ሁለት ረዳት ቀጠርኩ ያልከው ደስ ብሎኛል፤ እንዳትጮህባቸው። እኔ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬ ቀበቶ ተበጥሶ አስቀየርኩት። የጎረቤታችን ድመት ወልዳለች፣ አራት። የጠየቅሽኝን መልሺ እያልክ ጥርስህን ስታፋጭ ይታየኛል። በሦስት ደብዳቤ ሦስቴ አንድ ነገር ነው የጠየቅከኝ፤ ዝናቡ አልፎ በጋው ከገባ ወዲህ ወለሉ ምን ሆነ? እሺ፣ አላስጨንቅህም።

የአንድ ሜትር ማስመሪያዬን ይዤ ሄጄ በአሥራ አንድ ቦታ አጋደምኩት። ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ አንድም የለም። ክፍተት ውስጥ ልከት ብዬ ቀጭኑን መርፌ ይዤ ተንበረከክኩ፤ በሁለት ቦታ ብቻ ጫፉ ገባ። ኃላፊዋ ተንበርክኬ ስታገኘኝ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። «ምንም አልጠፋብኝም» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት።

ይህ ግን ለአንተ እንደማይበቃህ ስለማውቅ፣ ቅዳሜ ስፌቱን ዘግቼ ሄድኩና በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ከጠዋት እስኪዘጋ ድረስ ተቀመጥኩ። ሰው የወንድሜን ወለል ሲያደንቅ በጆሮዬ ሰምቼ ልጽፍልህ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ ጋዜጣቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ወንበር ተጣሉ። አንዲት ነርስ ወፍራም መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዳ ገልጣ፣ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሳ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ሄደች። እየሄደች ታነብ ነበር! ከሃምሳ ሰው በላይ ገብቶ ወጣ፤ አንድም ሰው ወደ ታች አላየም፣ አንድም ሰው «እንዴት ያምራል» አላለም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ተነስቼ «ኧረ እግራችሁ ሥር ተመልከቱ፣ የወንድሜ ሥራ ነው!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ዝም በሉ የሚል ሰሌዳ ፊት ለፊቴ ባይሰቀል እጮህ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ነው የገባኝ። ለስድስት ዓመት እዚያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ እንዳይደናቀፍ ዓይኑን እግሩ ሥር ተክሎ ነበር የሚራመደው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው፣ በሌላ ምክንያት። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ፣ ከዚያ እንደገና ሳቅሁ። ያየኝ ሰው ምን እንዳለ እንጃ።

ስለዚህ ለጠየቅከኝ መልሴ ይኸውልህ፦ ወለልህን ማንም አላየውም። እንኳን ደስ አለህ።

እህትህ ሚጣ